ከሰማይ የወረደ ድንጋይና የብረት መፈለጊያ መሣሪያ

ከመተሐራ ወይም ከባቱ (ዝዋይ) ወገን የመጣ ሰው በጨርቅ የጠቀለለውን ጥቁርና ከባድ ድንጋይ በአዳማ (ናዝሬት) ከአንድ ባለ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ይህ ከሰማይ የወረደ ነው፤ መሣሪያው ጮኾበታል፤ በስንት ይገዙኛል?» ቢል፣ ባለ ሱቁ ምን ብሎ ይመልስለታል? ጥያቄው ለጨዋታ የቀረበ አይደለም። ወርቅ ፈላጊዎች የሚይዙት የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ዲቴክተር የሚባለው፣ በአገሪቱ ከታወቀ ወዲህ ድምፁ እንደ ምስክር ቃል እየተቆጠረ ሄዷል። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ድምፅ የሚመሰክረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሥሩ ብረት ወይም ብረት መሰል ነገር ስለ መኖሩ ነው። ብረቱ ከሰማይ ይምጣ ከጋራዥ ይውደቅ፣ መሣሪያው አይለይም።

የሰማይ ድንጋይ ዋጋ ያወጣል መባሉ ሐሰት አይደለም። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ሶዝቢስ የሚባለው የጨረታ ቤት በኒው ዮርክ ከተማ ከማርስ የመጣ አንድ ድንጋይ ለሽያጭ አቅርቦ፣ የጨረታው ቤት ክፍያ ተጨምሮበት በ5.3 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ድንጋዩ 24 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ2023 በኒጀር አገር በአጋዴዝ በረሃ ነው። ይህ ወሬ በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። ከወሬው ጋር አብሮ ያልተነገረው ግን፣ የማርስ ድንጋይ እንደ ሌሎቹ የሰማይ ድንጋዮች የብረት ፍሬ በውስጡ የማይገኝበት መሆኑ ነው። ስለዚህ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ቢያልፍበት ዝም ሊል ይችላል። በገበያ እጅግ ውድ የሆኑት የማርስና የጨረቃ ድንጋዮች መሣሪያው እምብዛም የማይጮኽባቸው ናቸው፤ አጥብቆ የሚጮኽበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፈረስ ጫማ ወይም የመኪና ብሎን ነው።

መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። በዘንጉ ጫፍ ባለው ክብ ዕቃ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ይገኛል። በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል እየተመላለሰ ሲያልፍ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጥራል፤ ይህ ኃይል ከመሬት በታች ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ በብረቱ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያነሣሣል፤ ሁለተኛው ጥቅል ሽቦም ይህን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። አሳቡ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የስልክ ፈልሳፊ የሆነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በጥይት በቆሰሉት በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ ያለችውን ጥይት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ለመፈለግ ሞክሮ፣ ታማሚው የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ስለ ነበረበት ሙከራው ሳይሳካ ቀርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮዛትስኪ የተባለ የፖላንድ የጦር መኰንን በእጅ የሚያዘውን ፈንጂ መፈለጊያ ሠርቶ፣ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን ተጠቅሞበታል። ዛሬ ወርቅ የሚፈለግበት መሣሪያ የዚያው ልጅ ነው። የቤልን ያሳሳተው የአልጋ ሽቦም ዛሬ በሌላ መልክ በስምጥ ሸለቆ መሬት ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ነገር ወደ በኋላ ይነገራል።

ወደ ምድር ከሚወድቁት የሰማይ ድንጋዮች አብዛኞቹ ድንጋይ እንጂ ጥፍጥፍ ብረት አይደሉም፤ ሙሉ በሙሉ ብረትና ኒኬል የሆኑት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ናቸው። ነገር ግን ድንጋይ የተባሉት ብዙዎቹ ደቃቅ የብረት ፍሬ በውስጣቸው ተበትኖ ይገኛል። በሊቃውንት ዘንድ «ኤች» በሚል ፊደል የሚታወቀው ወገን ከክብደቱ ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚደርስ ብረት ይዟል፤ «ኤል» የሚባለው ከዚህ ያነሰ ነው። መሣሪያው የሚያገለግለውም በእነዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ወድቀው በዓለም አቀፍ መዝገብ ከተጻፉት መካከል ሦስቱ በዛሬው የኦሮሚያ ክልል ውስጥ የወደቁ ናቸው። አንደኛው በ1915 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1923) በሆለታ የወደቀው ሲሆን ክብደቱ አንድ ኪሎ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1970 በወለጋ በነጆ የወደቀው ነው። ሦስተኛው በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1981) በሐረርጌ በጉርሱም የወደቀው ሲሆን ከ34 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ወገኑም ብረት ከሚበዛበት ከ«ኤች» ነው። ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ሦስቱም በመዝገብ የሰፈሩት ሲወድቁ በታዩት ክፍል መሆኑን ነው። መንገድ የመራው የሰው ዓይንና ጆሮ እንጂ መሣሪያ አልነበረም።

የስምጥ ሸለቆው መሬት

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከአዳማ እስከ አዋሽ ያለው መሬት የእሳተ ገሞራ መሬት ነው። ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት ባዛልት ማግኔታይት የሚባል ብረት አዘል ማዕድን በውስጡ ስላለ ማግኔት ይስባል፤ መሣሪያውንም ያስጮኻል። የአልጋው ሽቦ የተባለው ይህ ነው። በሌላ አገር «ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ማግኔት ይይዛል» ቢባል ጆሮ የሚያስቆም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በወንጂና በመተሐራ መካከል ግን እንዲህ ያለውን ድንጋይ ለቤት መሠረት በመኪና የሚያራግፉት ነው። ፈንታሌ ተራራ ሥር የፈሰሰውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያየ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ይረዳዋል።

የቢሾፍቱ ሐይቆችም በዚሁ ይታሰባሉ። ክብ ጉድጓድ ውስጥ መቀመጣቸውን አይቶ «ከሰማይ ድንጋይ ወድቆ የቆፈረው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሆራ፣ ባቦጋያና የቀሩት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተከፈቱ ጉድጓዶች ናቸው፤ በዳርቻቸው የሰማይ ብረት እፈልጋለሁ ብሎ መድከም ከንቱ ነው። የሰማይ ብረት በእውነት የቆፈረውን ጉድጓድ ለማየት የፈለገ በደቡብ ግብጽ በረሃ ያለውን የጀበል ካሚልን ይመልከት፤ ስፋቱ 45 ሜትር ብቻ ሆኖ በዙሪያው የተበተነው ብረት ግን ከአንድ ቶን በላይ ነበር። በዚያ ቦታ ማስረጃው ከጉድጓዱ ስፋት ይልቅ በዙሪያው የተገኘው ብረት ሆኗል።

ከተፈጥሮ ድንጋይ ሌላ ሰው የጣለው ብረትም አለ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በአዳማ በኩል ያልፋል፤ በዳርና ዳሩ ብሎን፣ ምስማርና የዛገ ቁራጭ ለዘመናት ወድቋል። ብረት በሚቀልጥበት ስፍራ የሚጣለው የብረት አርም ጥቁር፣ ከባድና የቀለጠ መልክ ያለው ስለ ሆነ ገዢን ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው እርሱ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ነው። የጣሊያን ወረራና ከዚያም በኋላ የተደረጉት ጦርነቶች ባለፉበት መሬት መሣሪያው ከጮኸ በኋላ በዶማ መምታት ነፍስን መያዣ እንደ ማስያዝ ነው። ቅርጹ የተስተካከለ፣ እንደ ቧንቧ የረዘመ ወይም ክንፍ ያለው ነገር ብቅ ቢል ሳይነኩ ትቶ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል።

ታዲያ መሣሪያው የት ይረዳል? የራሱ ድንጋይ በሌለው መሬት ይረዳል። በአሜሪካ በካንሳስ ብሬናም በተባለው ስፍራ የሆነው ይህን ያስረዳል። በዚያ አገር ኤሊዛ ኪምበርሊ የተባለች የገበሬ ሚስት ባሏና ጎረቤቶቿ እየሣቁባት ከእርሻው ከባድ ጥቁር ድንጋይ ስትሰበስብ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 አንድ የኮሌጅ መምህር መጥተው ገዙአት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያው አገር በመኪና የሚጎተት ትልቅ መሣሪያ ከሁለት ሜትር በላይ ጠልቆ የተቀበረ 650 ኪሎ ግራም የሚመዝን የሰማይ ድንጋይ አገኘ። የካንሳስ አፈር ለስላሳና ድንጋይ አልባ ስለ ነበረ፣ የእርሻ ብረት ካልሆነ በቀር መሣሪያውን የሚያሳስተው አልነበረም። በስምጥ ሸለቆ ለዚህ የሚቀርበው የሐይቅ ደለል የተነጠፈበት ወይም ነጭ አመድና ፑሚስ የሸፈነው ሜዳ ነው፤ በነጭ መሬት ላይ ብቻውን የተቀመጠ ጥቁር ድንጋይ ከየት እንደ መጣ መጠየቁ ያስኬዳል። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግን የተከለለ ስፍራ ስለ ሆነ በዚያ መቆፈር አይገባም።

በሱዳን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 የሆነው ደግሞ ለሌላ ነገር ምሳሌ ይሆናል። ከመውደቁ 20 ሰዓት ያህል አስቀድሞ በመነጽር የታየ አንድ የሰማይ አካል በኑቢያ በረሃ ላይ ፈንድቶ ተበተነ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሰልፍ ተሰልፈው በረሃውን በእግር እየረገጡ በብዙ መቶ የሚቆጠር ቁራጭ ለቀሙ። ስብርባሪው የተሰየመው በስፍራው ባለው የባቡር ጣቢያ ስም «አልማሐታ ሲታ»፣ ማለት «ስድስተኛ ጣቢያ» ተብሎ ነው። በዚያ ለቀማ ዋነኛው መሣሪያ ዓይን ነበር።

መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ብረትን ትተው ለወርቅና ለብር ብቻ እንዲጮኹ የሚያደርግ መዝጊያ አላቸው፤ ይህ ካልተከፈተ የሚፈለገውን ራሱን ይጥለዋል። ሁለተኛም መሣሪያው ከየስፍራው አፈር ጋር መስተካከል አለበት፤ በባዛልት ላይ ሳይስተካከል የሄደ እንደ ሆነ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ሲጮኽ ይውላል። በዘንግ ጫፍ የታሰረ ማግኔት ይዞ መሄድም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በአሁኑ ጊዜ የሚሸጠው ብርቱ ማግኔት ድንጋዩ ከሰማይ ይዞት የመጣውን የጥንት የማግኔት ምልክት የሚደመስስ መሆኑን ሊቃውንት አስጠንቅቀዋል። በዚህ ረገድ መሣሪያው ከማግኔት ይሻላል።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ባለ ሱቁ አስቀድሞ በዓይኑ ይመርምር። አዲስ የወደቀ የሰማይ ድንጋይ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ላዩ ብቻ ስለሚቀልጥ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይኖረዋል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው። አንዳንዱም አውራ ጣት በሊጥ ላይ የሚተወውን የመሰለ ጎድጓዳ ምልክት አለበት። እንደ እንጀራ ዓይን የተቦረቦረ ቢሆን ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም የብረት አር ነው ብሎ መመለስ አያስቸግርም፤ የሰማይ ድንጋይ እንዲህ ያለ ዓይን የለውም ለማለት ይቻላል። እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀውና ሲሰበር የሚሳለው ባልጩት ነው፤ ባልጩት በስምጥ ሸለቆ የሚበቃውን ያህል አለ።

ከዚህ በኋላ ሚዛን ይምጣ። ድንጋዩን በደረቁ መዝኖ፣ ከዚያ በቀጭን ሲባጎ ከሚዛኑ አንጠልጥሎ በባልዲ ውሃ ውስጥ ከታች ሳይነካ አስጠልቆ እንደ ገና መመዘን ነው። የሁለቱን ልዩነት ወስዶ የደረቁን ክብደት በእርሱ ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ በደረቁ 700 ግራም የነበረ ድንጋይ በውሃ ውስጥ 500 ግራም ቢመዝን ልዩነቱ 200 ነው፤ 700 ለ200 ሲካፈል 3.5 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለተለመደው የሰማይ ድንጋይ ይስማማል። ያው 700 ግራም ባዛልት ቢሆን ልዩነቱ 245 ገደማ ሆኖ ውጤቱ 2.9 እንኳ አይሞላም። ጥፍጥፍ የሰማይ ብረት 8 ገደማ ይደርሳል፤ የወፍጮ ቤት ብረትም እንዲሁ ስለ ሆነ በዚያ ላይ ሚዛን ብቻውን አይፈርድም። ማግኔታይትና ሄማታይት የሚባሉት የብረት ማዕድናት ከ5 በላይ ስለሚያወጡ ከሰማይ ድንጋይ የከበዱ ናቸው፤ «እጅግ ከባድ ነው» የሚለው የሻጭ ቃልም በዚህ ምክንያት በሻጩ ላይ ሊመሰክር ይችላል።

እነዚህን ማዕድናት ለመለየት የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጀርባ፣ ያልተቀባው ገጽ፣ ያገለግላል። ድንጋዩን ጫን አድርጎ ሲያሰምሩበት ቀይ መስመር ቢተው ሄማታይት፣ ጥቁር መስመር ቢተው ማግኔታይት ነው። የሰማይ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ መስመር አይተውም።

ይህን ሁሉ ያለፈ ድንጋይ ሲገኝ ብቻ በባለቤቱ ፈቃድ አንዱን ጥግ በሞረድ በጥቂቱ መሞረድና በአጉሊ መነጽር ማየት ይገባል። በግራጫው መካከል እንደ ብር የሚያብለጨልጩ ደቃቅ የብረት ፍሬዎች ቢታዩ ነገሩ ከዚህ ወዲያ የሱቅ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የላቦራቶሪ ይሆናል። በላቦራቶሪ የሚፈለገው ከሁሉ አስቀድሞ ኒኬል ነው። የሰማይ ብረት ከመቶ አምስት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ኒኬል አለው፤ ተራ የሰው ሥራ ብረት ኒኬል እምብዛም የለውም። በእጅ በሚያዘው የኤክስሬይ መመርመሪያ ኒኬል ታየ ብሎ መቸኰል ግን አያሻም፤ የማይዝገው የማንኪያና የድስት ብረትም ከመቶ ስምንት ያህል ኒኬል ሊኖረው ይችላል። እርሱን የሚያጋልጠው አብሮት የሚገኘው ብዙ ክሮሚየም ነው።

ስለ ሽያጩ

ምርመራው ተደርጎ እውነተኛ የሰማይ ድንጋይ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዋጋው የኒው ዮርኩ ዋጋ አይደለም። የተለመደው ወገን ከሰሐራ በብዛት ወጥቶ ስለሚሸጥ ዋጋው በግራም ሲታሰብ ትንሽ ነው። ዋጋ የሚሰጠው የድንጋዩ ወገን፣ ሲወድቅ የታየ መሆኑና የተገኘበት ስፍራ በትክክል መታወቁ ነው። ስፍራው ያልታወቀ ድንጋይ የልደት ወረቀት እንደ ጠፋው ሰው ነው።

ላኪዎች ከሁሉ ይልቅ ሊያስቡበት የሚገባው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ «ከእርሻዬ ስላገኘሁት የእኔ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ለላኪው መተማመኛ አይሆነውም፤ የሚመለከተው የማዕድን መሥሪያ ቤትና ጉምሩክ ሳይጠየቁ ዕቃውን ጭኖ መላክ ገንዘብንም ስምንም ማስያዝ ነው። የኒጀሩ ድንጋይ ከተሸጠ በኋላ የኒጀር መንግሥት ድንጋዩ ከአገር የወጣበትን መንገድ ለመመርመር ተነሥቶ፣ የከበሩ ድንጋዮችና የሰማይ ድንጋዮች ወደ ውጭ መላክን ለጊዜው አግዷል። ሕጋዊ ላኪዎችም አብረው ቆመዋል። መሣሪያውን ራሱን ለማስመጣት ያሰበ አስመጪም ትዕዛዙን ከመስጠቱ በፊት ስለ ፈቃዱ ጉምሩክን ይጠይቅ።

በጎረቤት አገር በሶማሊያ የሆነው ደግሞ የሚያሳዝን ነው። ዋቢ ሸበሌ በሚያቋርጠው በሂራን አውራጃ ኤል አሊ በተባለ ቦታ አጠገብ 15 ቶን የሚያህል የሰማይ ብረት ነበር። አርብቶ አደሮች ለብዙ ትውልድ ያውቁታል፤ ቢላዋቸውንም ይስሉበት ነበር። ለሊቃውንት ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 70 ግራም ብቻ ከምትመዝን ቁራጭ ውስጥ ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ያልታዩ ማዕድናትን አገኙ። ዋናው ብረት ግን ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና መወሰዱ ተዘግቧል። ተጨማሪ ቁራጭ ለምርመራ ይፈለግ የነበረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ በአዳማ ያለው ባለ ሱቅ የቀረበለትን ድንጋይ ወዲያው ከመግዛት ይልቅ ለሻጩ ደረሰኝ ሰጥቶ፣ ድንጋዩን ሳይታጠብ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ፣ የተገኘበትን ቀበሌ፣ ቀኑንና ክብደቱን ጽፎ ቢያስቀምጥ ሁለቱም ወገን አይጎዳም። በከተማይቱ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ በአዲስ አበባም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጂኦሎጂ ኢንስቲትዩት አሉ። ድንጋዩ በዓለም አቀፍ መዝገብ ስም እንዲያገኝ ከተፈለገ ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ ሃያ ወይም 20 ግራም፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ለዘለቄታው በታወቀ የምርምር ተቋም ተቀማጭ መሆን አለበት። ይህን ሻጩ አስቀድሞ ቢያውቀው የተሻለ ነው፤ በኋላ «ድንጋዬ ጎደለ» የሚል ክርክር እንዳይነሣ በደረሰኙ ላይ መጻፍ ይቻላል።